የልጁን ክንድ ከለካን በኋላ እናቱን በምን እንጠይቅ? መጠይቆቹን ጎን ለጎን አድርጌ ሳያቸው

አንዲት እናት የ7 ወር ልጅ ይዛ ትመጣ ነበር። ክንዱን እንለካለን፣ 11 ሴንቲ ሜትር ከምናምን ይወጣል፣ ፕላምፒ ነት (በምግብ እጥረት ለተጎዳ ልጅ የሚሰጥ የኦቾሎኒ ቅባት) ቆጥረን እንሰጣለን፣ በሳምንቱ ተመልሳ ትመጣለች። ልጁ አይጨምርም። ትኩሳት የለው፣ ተቅማጥ የለው፣ ሳል የለው። እንደገና እንለካለን፣ እንደገና ቆጥረን እንሰጣለን። በአምስተኛው ሳምንት ወረፋው ቀለል ብሎ ነበርና «እህቴ፣ አንቺስ እንዴት ነሽ?» አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ ሻሿን ወደ አፏ አስጠግታ አለቀሰች። እንቅልፍ ካጣች ወራት ሆኗታል። ባሏ በባቲ በኩል ወደ ጅቡቲ ወጥቶ ድምፁ ከጠፋ ቆይቷል። ፕላምፒ ነቱን ለሦስት ልጆች ነው የምታካፍለው። አምስት ሳምንት ሙሉ እኔ ያየሁት የልጁን ክንድ ብቻ ነበር።

የምሠራው ደቡብ ወሎ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ፣ ከ5 ዓመት በታች ክፍል ነው። ከዚያ ቀን በኋላ «እናቶችን በምን እንጠይቅ?» የሚለው ጥያቄ አልለቀቀኝም። መጠይቅ ሞልቷል። አንዱ ስለ ጭንቀትና ድብርት ይጠይቃል፣ ሌላው ስለ ምግብ፣ ሌላው ስለ ቤት ውስጥ ድብደባ፣ አንዳንዱ ሁሉንም አንድ ላይ ይጠቀልላል። ይህን የጻፍኩት እንደኔ ክትባት ክፍል ወይም ጤና ኬላ ተቀምጣችሁ የትኛውን እንደምትመርጡ ግራ ለገባችሁ ነው።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልበል። መጠይቅ ስንመርጥ ብዙዎቻችን የምናየው ስንት ጥያቄ እንዳለውና ምን ያህል በትክክል እንደሚለይ ነው። እሱ ያስፈልጋል። እኔ ግን አሁን ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው «እናትየዋ አዎ ብትለኝ ምን አደርግላታለሁ?» ብዬ ነው። መልስ የሌለኝን ጥያቄ አልጠይቅም። የሰውን ቁስል ገልጦ፣ አይቶ፣ እንዳለ መተው ካለመጠየቅ የባሰ ነው።

ያለ ፎርም፣ በወሬ ብቻ

ብዙ ባልደረቦቼ «እኔ ፊቷን አይቼ አውቃለሁ» ይላሉ። ልምድ ያለው ሰው ብዙ ነገር ያያል፣ አልክድም። እናቶቹም በወሬ መሃል ነው የሚከፈቱት። ወሎ ውስጥ ሰው ስለ ራሱ ቀጥታ አይጀምርም። ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጁ ጥርስ ይጀምርና ቀስ ብሎ ይደርስበታል።

ችግሩ ይህ መንገድ የሚያገኘው የምናውቀውን ዓይነት ሰው መሆኑ ነው። ያዘነች የምትመስለውን እንጠይቃለን። ሂናዋን ተቀብታ፣ ልጇን አሳምራ የመጣችውን አንጠይቅም። ያቺም ናት አንዳንዴ ሌሊቱን ሙሉ ጣራ እያየች የምታድረው። ደግሞ በክትባት ቀን 40 እናት አግዳሚ ላይ ተደርድራ ስትጠብቅ መጀመሪያ የሚቀረው ወሬው ነው። ፎርም ያለው ሰው ግን ቢቸኩልም ቢደክመውም ለሁሉም ያንኑ ይጠይቃል። በተለይ ደግሞ ራስን ስለ ማጥፋት ሐሳብ፣ ወሬ ብቻውን አያደርሰንም። ማናችንም ደፍረን አንጠይቅማ።

ስለዚህ ወሬው መግቢያ ይሁን እንጂ ምትክ አይሁን።

ኤድንብራ፦ 10 ጥያቄ፣ ያለፉት 7 ቀናት

የወለዱ እናቶችን ድብርት ለመለየት በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ስኮትላንድ ውስጥ ተሠራ። ነጥቡ ከ0 እስከ 30 ነው። ስዊድን ውስጥ የሕፃናት ጤና ነርሶች ልጁ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሲሆነው ለእናቲቱ ያቀርቡታል። ጊዜው ለእኛም ይገጥማል፤ የ45 ቀን ክትባት በዚያው ሰሞን ነው። እናቲቱም የአራስ ቤቷን 40 ቀን ጨርሳ መጀመሪያ ከቤት የምትወጣው አብዛኛውን ጊዜ ያኔ ነው።

ጥሩ ጎኑን ልናገር። ስለ እንቅልፍ ማጣትና ስለ ድካም እንዲሁ አይጠይቅም። አራስ ልጅ ያላት ሴት ሁሉ ትደክማለችና፣ ይህ ትልቅ ብልሃት ነው። ስለ እንቅልፍ ያለው አንድ ጥያቄም «ከመከፋቴ የተነሣ እንቅልፍ ይነሣኛል ወይ» የሚል ነው። የመጨረሻው፣ 10ኛው፣ ራስን ስለ መጉዳት ሐሳብ ይጠይቃል።

አሁን ወደ እኛ ክፍል ላምጣው። ይህ መጠይቅ የተሠራው እናቲቱ ራሷ አንብባ እንድትሞላው ነው። እያንዳንዱ ጥያቄ የራሱ አራት መልስ አለው፣ መልሶቹ ደግሞ ረጃጅም ናቸው። ለማታነብ እናት ጮክ ብላችሁ ስታነቡላት አራተኛው ላይ ስትደርሱ የመጀመሪያውን ረስታዋለች። የነጥብ አሰጣጡም ይገለባበጣል፤ አንዳንዱ ከ0 ወደ 3 ይወጣል፣ ሌላው ከ3 ወደ 0 ይወርዳል። በተጨናነቀ ቀን ስሕተት መሥራት ቀላል ነው።

ትርጉሙም አለ። የመጀመሪያው ጥያቄ የነገሮችን አስቂኝ ጎን አይቶ ስለ መሳቅ ነው። አንዷን እናት ስጠይቃት «ሲስተር፣ ምን አስቂኝ ነገር አለና?» አለችኝ፣ ከልቧ ግራ ገብቷት። ሌላው «ነገር ሲበላሽ ያለ ምክንያት ራሴን እወቅሳለሁ» የሚል ነው። ብዙዎቹ «ምን ብዬ ራሴን እወቅሳለሁ፣ የአላህ ውሳኔ ነው» ይላሉ። ያ መልስ እምነት ነው፤ ደህና ነች ማለት ላይሆን ይችላል።

በኢትዮጵያ የተሠሩት ጥናቶችም ይህንኑ ያሳያሉ። ቡታጅራ አካባቢ፣ ገጠር ውስጥ፣ ኤድንብራው ደከመ። አዲስ አበባ ላይ ግን ጥሩ ለየ፤ ያውም ከመጀመሪያው በጣም ዝቅ ያለ መቁረጫ ነጥብ (ከዚያ በላይ ያመጣችው ችግር ሊኖርባት ይችላል የሚባልበት) ተጠቅመው ነው። ስለዚህ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ከተማ ውስጥ ሆናችሁ የሚያነቡ እናቶች ካሏችሁ ኤድንብራ ይሠራላችኋል። ደላንታ፣ ለጋምቦ፣ ወረባቦ ገጠር ከሆናችሁ ግን እኔ አልመርጠውም።

ኤስ አር ኪው፦ 20 ጥያቄ፣ አዎ ወይም አይደለም

ይህን ያዘጋጀው የዓለም ጤና ድርጅት ነው፤ ስለ ጭንቀትና ድብርት ይጠይቃል። ያለፈውን 1 ወር ይጠይቃል። «ብዙ ጊዜ ራስዎን ያመዎታል? የምግብ ፍላጎትዎ ቀንሷል? በቀላሉ ይደነግጣሉ? እጅዎ ይንቀጠቀጣል? ከወትሮው በላይ ያለቅሳሉ?» እያለ ይሄዳል። መልሱ አዎ ወይም አይደለም ነው፣ በቃ። 17ኛው ራስን ስለ ማጥፋት ሐሳብ ነው።

ለገጠር እናት ይህ ይቀላል። አንድ ምክንያቱ መልሱ አጭር መሆኑ ነው። ዋናው ግን ሰውነትን መጠየቁ ነው። እኛ ጋ ሐዘን በሰውነት ነው የሚመጣው። «ራሴን ይወቅረኛል፣ ልቤ ይመታል፣ ሆዴን ይነፋኛል» ብላ የመጣች ሴት ስንት ጊዜ ለጨጓራ መድኃኒት ተሰጥቷት ሄዳለች! ኤስ አር ኪው ከዚያው ከራስ ምታቱና ከሆዷ ይጀምራል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ልቧ ይገባል። እሷም አትደነግጥም። ቡታጅራ ላይ ከኤድንብራው የተሻለ የለየውም ይኸው ነው።

ድክመቱ ግልጽ ነው። የደም ማነስ ያለባት እናትም ትደክማለች፣ ቶሎ ይደክማታል፣ ራሷን ያማታል። ብቻውን ሦስት አዎ ያመጣል። በረመዳን ወይም በዐቢይ ጾም የምግብ ፍላጎትና የሆድ ጥያቄዎች ይምታታሉ። እኔ የማደርገው ነጥቡ ከፍ ሲል መጀመሪያ የዓይኗን ቆብ ገልጦ ማየት ነው፣ የደም ማነስ ካለ እሱም ይታከማል፣ ግን «የደም ማነስ ነው» ብዬ ሌላውን አልዘጋውም። ሁለቱም አብረው ሊኖሩ ይችላሉ።

ሌላ የወደድኩለት ነገር ለማንም አዋቂ መሆኑ ነው። ኤድንብራ የወለደችውን ይጠይቃል። እኛ ጋ ግን ልጁን ያመጣችው አያቱ ናት፤ እናቱ ሳዑዲ ናት፣ ወይም ቤይሩት። የ60 ዓመት ሴት «ከወለድሽ ወዲህ» ብሎ መጠየቅ አይሆንም። በኤስ አር ኪው ግን «እማማ፣ ሌሊት እንቅልፍ ይተኛሉ?» ብዬ እጀምራለሁ። ከአያቶቹ መካከል ብዙ ከባድ ነገር የተሸከሙ አሉ፣ ማንም ጠይቋቸው የማያውቅ።

ፒ ኤች ኪው፦ 2ቱና 9ኙ

ይህ የድብርት መጠይቅ ነው። 9 ጥያቄ ያለው ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ይጠይቃል፣ ከ0 እስከ 27 ነጥብ አለው፣ ብዙ ጊዜ መቁረጫው 10 ነው። ከእሱ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ብቻ ተነጥለው እንደ ማጣሪያ ይሠራሉ፤ አንዱ ነገር ሁሉ ደስ ስለማይል ስሜት፣ ሌላው ስለ መከፋትና ተስፋ ስለ ማጣት። ከሁለቱ ጠቅላላ 6 ነጥብ ውስጥ 3 እና ከዚያ በላይ ካመጣች ወደ 9ኙ ይኬዳል።

የሁለቱ ጥያቄ ጥቅም ግልጽ ነው፤ ወረፋ በበዛበት ቀን እንኳ ይቻላል። የ9ኙ ጥቅም ደግሞ የአእምሮ ጤና ሥልጠና የወሰዱ ባለሙያዎች የሚያውቁት መሆኑ ነው። ሪፈር ስትጽፉ «ነጥቧ 16 ነው» ብትሉ የሚያነበው ሰው ይገባዋል። ሕክምና ከጀመረች በኋላም ነጥቡ እየወረደ መሆኑን መከታተል ይቻላል።

የሚያስቸግረው የመልሱ መስፈሪያ ነው። «በጭራሽ፣ አንዳንድ ቀን፣ ከግማሽ በላይ በሆኑ ቀናት፣ ዕለት በዕለት ማለት ይቻላል» ብላችሁ ስትሉ እናቲቱ ዝም ብላ ታያችኋለች። እኔ አራት ሲኒ አስቀምጣለሁ። አንዱ ባዶ፣ አንዱ ጥቂት የቡና ፍሬ፣ አንዱ ከግማሽ በላይ፣ አንዱ ሙሉ። «የትኛውን ያህል ነው?» ስላት በጣቷ ታሳየኛለች። ቀላል ነገር ናት፣ ግን ብዙ ቀየረችልኝ። ሌላው ስለ ሐሳብ መሰብሰብ የሚጠይቀው ነው፤ ምሳሌው ጋዜጣ ማንበብና ቴሌቪዥን ማየት ነው። «ወጥ እየሠራሽ ጨው መጨመርሽን ትረሻለሽ?» በሚል ብቀይረው ደስ ይለኝ ነበር፣ ነገር ግን በራሳችን ቃል ስንቀይር ነጥቡ የሚለካው ነገር አብሮ ይቀየራል። ምሳሌውን ማስረዳት ይቻላል፣ ጥያቄውን መለወጥ አይቻልም።

ሁሉን በአንድ የሚጠይቀው ሲክ

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ የሕፃናት ሐኪሞች ያዘጋጁት ነው። ወላጁ ወረፋ ሲጠብቅ አንድ ወረቀት ይሞላል። በአንድ ገጽ ላይ የድብርት፣ የቤት ውስጥ ጥቃት፣ የመጠጥና ሱስ፣ የምግብ እጥረት፣ የከባድ ጭንቀት፣ ልጅን በኃይል የመቅጣት ነገር አለ። ስዊድንም ወስዳ ለራሷ አስተካክላ ሞክራዋለች።

ሐሳቡ ልቤን ይነካዋል። ችግር ለየብቻ አይመጣም። ባል ሲጠፋ ገንዘብ ይጠፋል፣ ገንዘብ ሲጠፋ ምግብ ይጠፋል፣ ከዚያ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ከዚያ እናት ልጇን ትገርፋለች፣ ገርፋም ታለቅሳለች። አንዱን ብቻ የሚጠይቅ ሰው ጫፉን ነው የሚያገኘው።

ግን ሲክ ወረቀቱ ብቻ አይደለም። ነርሶቹና ሐኪሞቹ አስቀድመው ይሠለጥናሉ፣ ለእያንዳንዱ አዎ ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ ይዘጋጃል፣ ከማኅበራዊ ሠራተኛ ጋር ይያያዛል። ወረቀቱን ብቻ ተርጉሞ ማምጣት ጎማ የሌለው መኪና እንደ መግዛት ነው። ደግሞ በእኛ አግዳሚ ላይ እናቲቱ ብቻዋን አይደለችም። አማቷ አጠገቧ ናት። ማንበብ የሚችለው ደግሞ አብሯት የመጣው የባሏ ወንድም ሊሆን ይችላል። ስለ ድብደባ የሚጠይቅ ወረቀት በእሱ እጅ ገባ ማለት ለእሷ አደጋ ነው።

ስለዚህ ሲክን እንደ ካርታ ተጠቀሙበት፤ ምን ምን መጠየቅ እንዳለበት ያስታውሳችሁ። እንዳለ ግን አታከፋፍሉት።

ምግብን ብቻ ለመጠየቅ

ሁለት ጥያቄ ያለው አጭር አለ፤ ባለፉት 12 ወራት ምግብ ያልቅብናል ብለሽ ሰግተሻል ወይ፣ የገዛችሁት አልቆ መግዣ አጥታችኋል ወይ። ለከተማ ይገጥማል። ለገበሬ ግን «የገዛችሁት» አይሆንም፤ እሱ ጎተራውን ነው የሚያየው። 9 ጥያቄ ያለው ሌላው ያለፉትን 4 ሳምንታት ይጠይቃል፣ ዝርዝሩም ይሻላል፤ የማትፈልጊውን በላሽ ወይ፣ የምግብ ቁጥር ቀነሳችሁ ወይ፣ ተርባችሁ አደራችሁ ወይ።

ወሎ ላይ ይህን የሚጠይቅ ሰው ወሩን ይወቅ። በታኅሣሥ አዝመራ ገብቶ የጠየቃችኋት ሴትና ያችኑ ሴት በነሐሴ የጠየቃችኋት ሁለት የተለያየ ሰው ናት። የበልግ አገር ከሆነ ደግሞ በልጉ ከቀረ አቆጣጠሩ ሁሉ ይዛባል። እኔ ከሁለቱ 9ኙን እመርጣለሁ፣ በክረምት ደግሞ እደግመዋለሁ። ጊዜ ከሌለ «ዛሬ ጠዋት አንቺ ምን በልተሽ መጣሽ?» ማለት ብቻውን ብዙ ይናገራል። መጠይቅ አይደለም፣ ነጥብም የለውም፣ ግን በሰላሳ ሰከንድ ያልቃል።

በምግብ ጥያቄ ላይ ደስ የሚለኝ አዎ ስትል የምላት ነገር መኖሩ ነው። ሴፍቲኔት (በማኅበረሰብ ሥራ የሚሰጥ የምግብ ወይም የገንዘብ ድጋፍ) ባለበት ወረዳ ተጠቃሚ የሆነች ነፍሰ ጡር፣ ከወለደችም በኋላ ለተወሰነ ጊዜ፣ ከማኅበረሰብ ሥራው ነፃ ሆና ድጋፉን ታገኛለች። ይህን የማያውቁ እናቶች ልጅ አዝለው እርከን ሲሠሩ አይቻለሁ። አንድ ወረቀት ጽፎ ለቀበሌው መላክ ነው የሚያስፈልገው።

ድብደባን ስለ መጠየቅ

እዚህ ላይ ረጋ እንበል። 4 ጥያቄ ያለው ሂትስ የሚባል አለ፤ ይመታሻል ወይ፣ ይሰድብሻል ወይ፣ ያስፈራራሻል ወይ፣ ይጮህብሻል ወይ፣ ምን ያህል ጊዜ። ከ4 እስከ 20 ነጥብ አለው፣ ከ10 በላይ ሲሆን ያሳስባል። አጭርና ግልጽ ነው።

ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ወደ ጤና ተቋም የመጣችን ሴት ሁሉ በጅምላ መጠየቅን አይመክርም። የሚመክረው ምልክት ሲታይ መጠየቅን ነው፤ ያልተገለጸ ጉዳት፣ ተደጋጋሚ ሕመም፣ ድብርት፣ በየጊዜው የሚቀያየር ታሪክ። እሱም ቢሆን ብቻዋን የምትሆንበት ቦታ ሲኖር፣ ጠያቂው ሲሠለጥን፣ ቀጥሎ የሚደረገው ሲታወቅ።

እኔም በዚህ እስማማለሁ፣ ምክንያቱም አንድ ጊዜ ሲበላሽ አይቻለሁ። ቦታውን አልጠራም። ባለሙያው የሰማውን በክትባት ካርዱ ጀርባ ላይ ጻፈው። ካርዱ ወደ ቤት ይሄዳል። ባልየው አነበበው። ከዚያ በኋላ ያቺ እናት ልጇን ለክትባት ሳታመጣ ወራት ቆየች።

ስለዚህ ሦስት ነገር ጠብቁ። ወደ ቤት በሚሄድ ወረቀት ላይ ምንም አትጻፉ፤ የራሳችሁ መዝገብ ላይ የምታውቁትን ምልክት አድርጉ። ከ2 ዓመት በላይ የሆነ፣ አፍ የፈታ ልጅ ባለበት አትጠይቁ፤ ማታ እንዳለ ይናገረዋል። አማትየዋን ደግሞ በአክብሮት አርቁ፤ «እማማ፣ እርስዎ ልጁን እዚያ ሚዛኑ ጋ ይያዙልን፣ እኔ ጡት አጠባቧን ልይ» ማለት ይበቃል። ማንም አይጠረጥርም።

አዎ ካለች አትምከሯት። «ቻይው፣ ለልጆችሽ ስትዪ» አትበሏት። ስሙ፣ እንደምታምኗት ንገሯት፣ ዛሬ ቤት ስትገባ የሚያሰጋት ነገር እንዳለ ጠይቁ፣ ከዚያ የምትፈልገውን ራሷ ትምረጥ። ሽማግሌ መላክ የምትፈልግ አለች፣ ወደ ወረዳው ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት መሄድ የምትፈልግ አለች፣ ምንም የማትፈልግ፣ መስማታችሁ ብቻ የሚበቃት አለች።

ጫትና መጠጥ

የመጠጥ መጠይቆች 10 ጥያቄ ያለውም 3 ጥያቄ ያለውም አሉ፣ ግን መጠኑን በጠርሙስና በብርጭቆ ነው የሚቆጥሩት። ጠላን በጣሳ፣ አረቄን በመለኪያ የሚጠጣ ሰው ጋ ሒሳቡ ይጠፋል። ጫትን ጨርሶ አይጠይቁም። እኛ ጋ ደግሞ ጫት የዱዓም፣ የሥራም፣ የወሬም ነው፣ መቃሙን ብቻ ጠይቆ ችግር ነው ማለት አይቻልም። እኔ በቤቱ ወጪ በኩል ነው የምገባው፤ በቀን ስንት ብር ለጫት ይወጣል፣ ለልጁ እንቁላልና ወተትስ ስንት? ሰውየው ራሱ ሒሳቡን ሲሰማ ዝም የሚልበት ጊዜ አለ።

ማን ይጠይቅ?

የጤና ኤክስቴንሽኗ ቤቱን ታውቃለች፣ ምድጃው እንዳልነደደ ታያለች፣ ይህን ጤና ጣቢያ የተቀመጠ ሰው አያገኘውም። ለምግብና ለአጠቃላይ ሁኔታ ከእሷ የተሻለ የለም። ለድብደባና ለሞት ሐሳብ ግን ቤት ውስጥ መጠየቅ ከባድ ነው፤ ሰው ይገባል ይወጣል፣ ጎረቤት ቡና ብሎ ይመጣል። ያን ለጤና ጣቢያው ተዉት። የሴቶች ልማት ቡድን መሪዎች ብዙ ያውቃሉ፣ ሆኖም በአንድ ቅሬ (ዕድር) ውስጥ ያለች ጎረቤትን መጠይቅ አስይዞ መላክ ምሥጢርን ገበያ ማውጣት ነው። እነሱ «እገሊት ትታይ» ብለው ይላኩልን፣ ጥያቄው ከእኛ ይሁን።

ቋንቋውንም አትርሱ። ከሚሴና ባቲ አካባቢ አማርኛ እየሰማች በኦሮምኛ የምታዝን እናት አለች። ልጇን አስተርጓሚ አታድርጉባት።

አባቶቹስ? ስዊድን ውስጥ ልጁ 3 ወር ገደማ ሲሆነው ያልወለደው ወላጅ ለብቻው ተጠርቶ ይነጋገራል። እኛ አባትን የምናገኘው በአጋጣሚ ነው፣ ከአጋጣሚዎቹ አንዱ ገበያ ነው። ሰኞ የባቲ ገበያ ቀን አባት ልጁን ይዞ ብቅ ሊል ይችላል። ሲመጣ ካርዱን ተቀብለን አንሸኘው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲገባ ቤቱ የተዘረፈበት፣ ተፈናቅሎ የተመለሰ፣ ያየውን ለማንም ያልተናገረ አባት አለ። «አያ፣ አንተስ እንቅልፍ ትተኛለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ መጀመሪያ ይገርመዋል። ከዚያ ይቀመጣል። ለእሱም ኤስ አር ኪው ይሆናል።

አዎ ካለች በኋላ

ስለ ሞት ሐሳብ አዎ ካለች የዚያን ቀን ሌላ ሥራ የለም። ብቻዋን አትተዋት። አስባ ብቻ ነው ወይስ መንገዱንም አስባለች? ቤት ውስጥ የተባይ መድኃኒት አለ? የምታምነው ሰው ማን ነው? መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣባትም፣ ይህን ፍርሃት ተዉት። ጤና ጣቢያችሁ ውስጥ የኤም ኤች ጋፕ (የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ጤና) ሥልጠና የወሰደ ባለሙያ ካለ በእጃችሁ አስረክቡት፣ ከሌለ ወደ ሆስፒታል፣ ሰው አስይዛችሁ።

ነጥቧ ከፍ ያለ ግን አደጋ የሌለባት ከሆነች የክትባት ቀጠሮው ራሱ ይረዳናል። 6ኛ፣ 10ኛ፣ 14ኛ ሳምንት፤ በየ4 ሳምንቱ ተመልሳ ትመጣለች። ሳንጠራት እናገኛታለን። የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ ነው። ከ14ኛው ሳምንት እስከ የ9 ወሩ የኩፍኝ ክትባት ድረስ ረጅም ባዶ አለ፣ ብዙ ነገር የሚበላሸውም በዚያ መሃል ነው። ተጨማሪ ምግብ የሚጀመረው ያኔ ነው፣ ሰሞነኛ ጠያቂ ዘመድም ያኔ ይቀራል። የ6 ወሩን የቫይታሚን ኤ ቀንና የክብደት ክትትሉን ለዚህ ተጠቀሙበት።

እንግዲህ የትኛውን?

እኔ ያለሁበት ዓይነት ቦታ ከሆናችሁ፣ ማለትም የገጠር ጤና ጣቢያ፣ ሁለት ነርስ፣ አንድ መጋረጃ፣ ብዙ ወረፋ፣ በ45 ቀን ክትባት ላይ ሁለቱን የፒ ኤች ኪው ጥያቄ በሲኒዎቹ ጠይቁ፣ ከዚያ 3 እና በላይ ያመጣችውን ወይም ልባችሁ ያላረፈላትን ኤስ አር ኪው 20ን አንብቡላት። ክንዱ ወይም ክብደቱ እምቢ ያለ ልጅ ሲኖር ግን ሁለቱን ዝለሉና ቀጥታ 20ውን ከ9ኙ የምግብ ጥያቄ ጋር አድርጉ። አምስት ሳምንት አትጠብቁ እንደኔ። ድብደባን ምልክት ስታዩ፣ ብቻዋን ስትሆን።

ከተማ ውስጥ ከሆናችሁ፣ እናቶቹ የሚያነቡ ከሆነ፣ ኤድንብራ በ45 ቀን ጥሩ ነው፤ ግን ተቀምጠው ለብቻቸው የሚሞሉበት ጥግ አዘጋጁ፣ ወረቀቱንም እዚያው ተቀበሉ።

ጤና ኬላ ላይ ብቻሽን ያለሽ እህቴ፣ አንቺ ነጥብ መደመር አይጠበቅብሽም። ሁለቱ ጥያቄና የቁርሷ ጥያቄ ይበቁሻል። አዎ ስትል የምትደውይለትን የአንድ ሰው ስልክ ግን ከመጀመርሽ በፊት ያዢ፤ ስልኩን የሚያነሣ ሰው መሆኑንም አረጋግጪ።